ዝም የማለት መብት

ሰኔ 15 ቀን 2017፣ እሑድ

አባዬ ትናንት ማታ አልገባም።

ይህን ደብተር የወጣቶች ኅብረት የሰጠን የስብከት ነጥብ እንድንይዝበት ነበር። ዛሬ ግን ስብከቱ ስለምን እንደነበር ብጠየቅ አልመልስም። መጋቢ ገመዳ እየጮኹ ነው፣ እኔ የማየው የአባዬን ወንበር ነው። የሽማግሌዎች ወንበር ከፊት ስለሚደረደር አንዱ ባዶ ሲሆን እንደ ወለቀ የፊት ጥርስ ያስታውቃል።

እማዬ ለጠየቃት ሁሉ «መኪናው ተበላሽቶ ሁሩታ አደረ» ትላለች። እማዬ አስተማሪ ናት፣ ውሸት አትችልበትም። ስትዋሽ ቃል የምታስጽፍ ይመስል ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

ከምሳ በኋላ አጎቴ አማኑ መጣ። የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው የቤት ድለላ ነው፣ ግን ሁለት ጊዜ ተከሶ ሁለቴም ስለተፈረደበት ራሱን የሕግ ባለሙያ አድርጎ ይቆጥራል። ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎን ገባ።

«ታስሯል» አለ።

«ማን?» አለች እማዬ። ሌላ ማን ሊሆን እንደሚችል አላውቅም።

«ፈቃዱ ነዋ! ጠጥቶ ሲነዳ ያዙት።»

ሳቄ አመለጠኝ። አቶ ፈቃዱ! የአጥቢያችን ሽማግሌ፣ የአዳማ–መቂ ሚኒባስ ሹፌር፣ ማልት ሲጋብዙት እንኳ ጠርሙሱን ገልብጦ «አልኮል የሌለው» የሚለውን ፈልጎ የሚያነብ ሰው! ብቻዬን ሳቅኩ። እማዬ አልሳቀችም፣ «ውሸት ነው» ብላም አልጮኸችም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የሻሿን ጫፍ በጣቷ መጠቅለል ጀመረች።

ድንጋጤ ነው። ድንጋጤ ሰውን ዝም ያሰኛል።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ከእማዬ ጋር ጎህ ሳይቀድ ተነስተን ቁርስ ይዘን ጣቢያ ሄድን። በሩ ላይ ያለችው ፖሊስ «ቅመሺ» አለችኝ። ያመጣ ሰው ካልቀመሰ ምግብ አይገባም። ፍርፍሩን ቀመስኩ። «ሻዩንም።» ሻዩንም ጠጣሁ። «ትህትና፣ አንቺም ጠጣች እንዳትባይ» አልኩ ለራሴ። (ስሜ ትህትና ነው። አባዬ በሕይወቱ ከሠራቸው ስህተቶች ትልቁ ይሄ ነው ይላል አጎቴ አማኑ።)

አባዬ ዓይኑ ቀልቷል። ፍርፍሩን አልነካውም። «ውሃ አምጥተሻል?» አለኝና የሃይላንዱን ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። እዚያ ውስጥ ውሃ አይሰጡም ማለት ነው፣ በጣም ነው የተናደድኩት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ሁሩታ ሰርግ ነበር፣ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው ያገባው። አባዬ መዘምራኑን ጭኖ ሄደ፣ እነሱ እዚያው አደሩ፣ እሱ ብቻውን ሲመለስ ትራፊክ አስቆመው። «ዱግዴ?» አለው በኦሮምኛ። ጠጥተሃል? አባዬ ደግሞ ውሸት ኃጢአት ስለሆነ «ዱጌራ» አለ። ጠጥቻለሁ።

የጠጣው ብርዝ ነው! የእኛ ሰው ሰርግ ላይ ጠጅ ስለማይቀርብ ብርዝ ይቀርባል፤ ያልፈላ የማር ውሃ፣ ሕፃን የሚጠጣው። ትራፊኩ «ምን ጠጣህ?» ብሎ ሳይጨምር ያቺን አንዲት ቃል ጻፈ፣ «ፈርም» አለው፣ አባዬም ፈረመ። የትንፋሽ መለኪያው ባትሪ አልቆ ስለነበር የተለካ ነገር የለም። ቃሏ ብቻ ናት ያለችው።

አገር ምድሩ አረቄ ጠጥቶ ይነዳል፣ የእኔ አባት በማር ውሃ ይታሰራል።

ከሰዓት ፍርድ ቤት አቀረቡት፣ በዋስ ወጣ። መንጃ ፈቃዱ ግን እዚያው ቀረ። አሁን አቶ ፈቃዱ ያለ ፈቃድ ቀሩ። ይህን ቀልድ ለእማዬ ልነግራት ነበር፣ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ሚኒባሱ በራችን ላይ ቆሟል። ሰፈሩ ሁሉ እየቆመ ያየዋል።

ጎረቤቴ ሱሃይላ «ምን ሆነ?» አለችኝ። «ሞተር» አልኳት። ሱሃይላ የልብ ጓደኛዬ ናት፣ እሷን ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

የባለ ሱቁ ሚስት ለአንዲት ሴትዮ፣ እኔ እንድሰማ አድርጋ፦ «እነሱም እንደኛው ናቸው ለካ።» እነሱ የተባልነው እኛ ጴንጤዎቹ ነን።

ስኳሩን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ለሱሃይላ እውነቱን ነገርኳት። ተናደደችብኝ፣ ከዚያ አቀፈችኝ፣ ከዚያ ወደ አክስቷ ወሰደችኝ። አክስቷ ሑስና ጠበቃ ናት። ቢሮዋ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ነው፣ ወጣት ናት፣ «እርስዎ» ስላት «አያቴን ነው የምትጠሪው?» ብላ ሳቀችብኝ።

አባዬንና አጎቴ አማኑን ይዤ ተመለስኩ። አጎቴ አማኑ ገና ሳይቀመጥ የመከላከያ ስልቱን ዘረጋ።

«አንደኛ፣ ኦሮምኛ አይችልም እንበል። በማይገባው ቋንቋ ነው የተጠየቀው።»

«አጎቴ፣» አልኩ፣ «አባዬ እኮ በኦሮምኛ ይሰብካል።»

«አንቺ ዝም በይ! ሁለተኛ፣ ‹ዱጌራ› አላለም፣ ‹ዱጋ› ነው ያለው። ‹ዱጋ› እውነት ማለት ነው። ‹ጠጥተሃል?› ሲባል ‹እውነት…› ብሎ ሊያስረዳ ሲጀምር አቋረጡት።»

ሑስና እስክሪብቶዋን ስታሽከረክር ቆይታ «ጨረሱ?» አለችው። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረች። «ጋሽ ፈቃዱ፣ ሲይዙዎት ዝም የማለት መብት እንዳለዎት ነግረውዎታል? የሚናገሩት ማስረጃ ሊሆንብዎት እንደሚችልስ?»

«ማንም ምንም አላለኝም ልጄ። ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ።»

«በቃ። ሌላ አይንገሩኝ።»

ስንወጣ እኔን ወደ ኋላ አስቀረችኝ፣ ጥያቄ ስላበዛሁባት። «ስሚ፣» አለችኝ፣ «ትራፊክ ሲያስቆም መቆም ግዴታ ነው። መንጃ ፈቃድ አሳይ ሲል ይታያል። መሣሪያው ላይ ንፋ ሲልም ይነፋል፣ እምቢ ማለት ሌላ ጣጣ አለው። ግን ‹የት ነበርክ፣ ምን ጠጣህ፣ ምን ያህል ጠጣህ› ሲባል ሰው ዝም የማለት መብት አለው። የያዘው ሰው ደግሞ ይህንን በሚገባው ቋንቋ ሊነግረው ይገባል። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብም መብቱ ነው፣ ያንን አክብረውለታል። የመጀመሪያውን ግን አላከበሩም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ አለልሽ።»

«ጠጥቶ እንደሆነ ለምን አልጠየቅሽውም?»

«አያስፈልገኝም።»

«ብርዝ እኮ ነው!»

«እሺ» አለችኝ። አስተማሪ ለማያምነው ተማሪ የሚለው ዓይነት «እሺ» ነው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ ቤት መጡ። አራት ሆነው ሶፋ ላይ ተደረደሩ፣ ሶፋችን ለሦስት ስለሆነ መጋቢ ገመዳ ለመተንፈስ ሲታገሉ ነበር። ዳቦውን በልተው እስኪጨርሱ ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያ መጋቢ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድም ፈቃዱ፣ እኛ እናምንሃለን። ነገር ግን ፍርዱ እስኪታወቅ ድረስ ከአገልግሎት ብታርፍ… ለመንጋው ሲባል።»

የሚያምኑት ሰው ከአገልግሎት እንዲያርፍ አይነገረውም። ጓዳ ሆኜ ለእማዬ በሹክሹክታ «እናምንሃለን ግን ራቅ በል» ብዬ የመጋቢን ድምፅ አስመሰልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፏን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን ሰሃኑን ደጋግማ ታጥባለች።

አባዬ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ብቻ አለ። እንዲህ አንሶ አይቼው አላውቅም። በመኪና መስታወት ውስጥ ሲያየኝ ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው ነው። ይህን ነገር እኔ አስተካክለዋለሁ። ምን ቢሆን አስተካክለዋለሁ።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ሳይንስ! ዓርብ ዕለት ማርና ውሃ በጥብጬ፣ በጠርሙስ ሞልቼ፣ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ አስመታሁት። የአዳማ ሙቀት በክረምትም ሥራውን አይረሳም። ዛሬ ሳወርደው ክዳኑ ራሱን ችሎ ተነሳና ጣሪያ መታ። እማዬ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ጠረጴዛ ሥር ገባች።

ይኸው! ብርዝ ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ይፈላል። አባዬ ሳያውቀው ነው የጠጣው፣ ሰርጉ ላይ ማንም አላወቀም!

አጎቴ አማኑ «ማስረጃው መረጋገጥ አለበት» ብሎ አንድ ብርጭቆ ጠጣ። «አንድ ምስክር ለፍርድ አይበቃም» ብሎ ሁለተኛ ደገመ። እየዘመረ ወጣ፣ በራችን ላይ ካለው ሚኒባስ ጋር ተጋጭቶ ይቅርታ ጠየቀው።

አባዬ ጠርሙሱን ተቀብሎኝ አሸተተው። ረጅም ጊዜ አሸተተው። ከዚያ መለሰልኝና ወደ ጓሮ ሄደ። ግማሹን ለሑስና ላሳያት ጓዳ አስቀምጬው ነበር፣ ሲመሽ ሳየው ባዶ ነው።

አጎቴ አማኑ ይሆናል። ተመልሶ መጥቶ መሆን አለበት።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

አባዬን እያሠለጠንኩት ነው። እሱ ሚኒባሱ ውስጥ መሪ ይዞ ይቀመጣል፣ እኔ መጥረጊያ ይዤ በፊሽካ አስቆመዋለሁ።

«ዱግዴ?»

«ልጄ፣ ብርዝ እኮ…»

«ስህተት! ከመጀመሪያው!»

ዛሬ ግን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ «ክቡር ሆይ፣ ዝም የማለት መብቴን እጠቀማለሁ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን። እማዬ ልብስ እያሰጣች ታየናለች። ልብሱን ገመዱ ላይ ሳትሰቅል ይዛው ቆመች።

ከሰዓት በኋላ «ንፋስ ልቀበል» ብሎ ይወጣል። ቤት የዋለ ሹፌር ምን ያድርግ? ተመልሶ ሲመጣ ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸታል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ከሐሳብ ብዛት ነው። እማዬ ጓሮ የተከለችው ጤና አዳም ራሰ በራ ሆኗል። ትናንት ስትጠይቀኝ «ዶሮዎቹ ናቸው» አልኳት። ሱሃይላ «ዶሮ ጤና አዳም ይበላል እንዴ?» አለች።

የእኛ ይበላል።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ጂቱ ከሁሩታ መጣች። የሙሽራዋ እህት ናት፣ ዕቃ ልትገዛ ነው አዳማ የመጣችው። የሰርጉን ቪዲዮ ስልኳ ላይ እያሳየችኝ ነበር። ስለ ብርዙ እንድትመሰክርልን ልለምናት ነው የሄድኩት።

«የምን ብርዝ?» አለችኝ።

«ሰርጉ ላይ የቀረበው።»

«እኛ ሰርግ? ኸረ ለስላሳና ውሃ ብቻ ነው የነበረው! እናቴ ብርዝ እንጣል ስትል ‹በዚህ ሙቀት ይፈላና ስማችን ይጠፋል› ብለን ከለከልናት። ተጣልታን ነበር እኮ።»

ረስታ ነው። የሙሽራ እህት ስትሆኚ ቀሚስና ሜካፕ እንጂ ድንኳን ጀርባ ያለው ጓዳ አይታይሽም። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፤ ጠረጴዛው ላይ የለስላሳ ጠርሙስ ነው ያለው። ግን ቪዲዮ ሁሉን አያሳይም። አባዬ የጠጣው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ቤት። ብርዝ ያለው ሰው ቤት።

ለሑስና አልነገርኳትም። አልጠየቀችኝማ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

እንቅልፍ የለኝም። ማንበብ አልቻልኩም። ሱሃይላን ሰደብኳት፣ ያለ ምክንያት።

መናኸሪያ ሄጄ ጋሽ ደሊልን አገኘኋቸው። ጋሽ ደሊል ተራ አስከባሪ ናቸው፣ የወሎ ሰው፣ አባዬን ሹፌር ከመሆኑ በፊት ጀምሮ ያውቁታል። ስለ መልካም ጠባዩ እንዲመሰክሩለት ለመንኳቸው። መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«የኔ ልጅ፣ ፈቃዱን እንደ ወንድሜ ነው የምወደው። እኔን ግን ምስክር አታድርጊኝ።»

«ለምን ጋሽ ደሊል?»

«ከማልኩ አልዋሽም፣ ለዚያ ነው። ቤት ሂጂ።»

ሽማግሌ ሰው ፍርድ ቤት ይፈራል። የድሮ ሰዎች እንደዚያ ናቸው።

ስወጣ ሁለት ረዳቶች ጎማ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። አንደኛው «ፈቄ ጠዋት አሪፍ ሰው ነው። ከምሳ በኋላ ግን እኔ በነፍሴ አልጫወትም» ይላል። የአባዬ ረዳት የነበረ ልጅ ነው። ዘንድሮ አባዬ ረዳት አልበረከተለትም፣ «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» ይላል። እውነቱን ነው። ይሄው፣ በሥራ ሰዓት ጎማ ላይ ተቀምጠው ወሬ።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ፍርድ ቤት።

አጎቴ አማኑ አባዬን «ኦሮምኛ ሲናገሩህ ግራ የገባህ ምሰል» ብሎት ነበር። ዳኛዋ በኦሮምኛ «አስተርጓሚ ያስፈልግሃል?» አለችው። አባዬ ከወንበሩ ተነስቶ፣ እጅ ነስቶ፣ «አካም ቡልተን? ሂን ባርባቺሱ፣ ገለቶማ!» አለ። እንዴት አደራችሁ፣ አያስፈልግም፣ አመሰግናለሁ። የአጎቴ አማኑ ፊት!

ትራፊኩ ገና ልጅ ነው፣ ጢም እንኳ በቅጡ የለውም። ሑስና ጠየቀችው። መሣሪያው ሠርቷል? አልሠራም። ሐኪም ቤት ወስደኸዋል? አልወሰድኩም፣ መሽቶ ነበር። ዝም የማለት መብት እንዳለው ነግረኸዋል? ልጁ መሬት መሬት አየ። አልነገርኩትም። ታዲያ በምን አወቅህ? «ሸተተኝ፣ ጠየቅኩት፣ ዱጌራ አለኝ።»

ለፍርድ ለሐምሌ 17 ተቀጠረ። ልጮህ ነበር በደስታ።

ኮሪደር ላይ ትራፊኩ አጠገቤ ቆመ። «ልጁ ነሽ?» አለኝ። «አዎ፣ እና?» አልኩት፣ በሙሉ ጥጋቤ። «አንድ ባለጋሪ ነው መጀመሪያ የነገረኝ። አባትሽ ከኋላ መጥቶ ለትንሽ ነው የሳታቸው፣ ሰውዬው ጋሪው ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ ነበር። ቦይ ውስጥ ገብቶ ተረፈ። ለምስክርነት ስንፈልገው አጣነው።» ኮፍያውን አጠለቀ። «ላሳዝንሽ አይደለም» አለኝና ሄደ።

በኮሪደር የተነገረ ነገር ማስረጃ አይሆንም። ሑስና ባትሆን ኖሮ ይሄን አላውቅም ነበር። ኮሪደር ላይ ማንም አይምልም።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ስለዚያ ጋሪ ላለማሰብ ልብስ አጠብኩ፣ ግቢ ጠረግኩ፣ ሳልታዘዝ። እማዬ ግንባሬን ነካችኝ፣ አሞኝ እንደሆነ።

ጠዋት ጓዳ ስትጸልይ ሰማኋት። ሁልጊዜ ጮክ ብላ ነው የምትጸልየው። «ጌታ ሆይ፣ ነጻ አውጣው» ትላለች ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። እሷ ግን «የአንተ ፈቃድ ይሁን፣ ፈቃዱን እንኳ ባይመልሱለት…» አለችና አቋረጠች። የትኛውን ፈቃዱን እንደሆነ አልገባኝም። መንጃ ፈቃዱን ነው ወይስ… እናቴ አባቴ እንዲፈረድበት ትጸልያለች?

አልቻልኩም፣ ገባሁባት። «እማዬ፣ አንቺ ከማን ወገን ነሽ?»

ከጉልበቷ ሳትነሳ አየችኝ። «ሁላችሁም ወጥታችሁ በሰላም ከምትገቡበት ወገን» አለችኝ።

መልስ አይደለም ይሄ። አስተማሪ ሆና ጥያቄ መመለስ አትችልም።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ነጻ!!!

ዳኛዋ አነበበች። ቃሉ የተወሰደው መብቱ ሳይነገረው ስለሆነ አይያዝበትም፣ ሌላ በቂ ማስረጃ አልቀረበም፣ በነጻ ይሰናበት፣ መንጃ ፈቃዱ ይመለስለት። መጋቢ ገመዳ እዚያው ችሎት ውስጥ «ሃሌ ሉያ!» ብለው ሥርዓት አስከባሪው ሊያስወጣቸው ነበር። አጎቴ አማኑ ሰውን ሁሉ እየጨበጠ «የያዝነው መስመር ትክክል ነበር» ይላል።

አባዬ አቀፈኝ። አጥብቆ። «አንቺ ነሽ ያወጣሽኝ» አለኝ። ጤና አዳም ሸተተኝ። ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር።

ሑስና ፋይሏን እየሰበሰበች ነበር። ላመሰግናት ሄድኩ። «ትህትና፣» አለችኝ፣ «እኔ መብቱን አስከበርኩ። ነገም ቢመጣ አስከብርለታለሁ፣ ለማንም ሰው የሚገባ ነገር ነው። የቀረው ግን የፍርድ ቤት አይደለም።»

«ምኑ ነው የቀረው?»

ጉንጬን ነካ አድርጋኝ ወጣች።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

አባዬ ምስክርነት ሰጠ፣ መድረክ ላይ። ብርዙ አድጓል። አሁን የሙሽራዋ እናት በእጇ ይዛ «ካልጠጣህልኝ» ብላ ለምናዋለች። ጉባኤው ሳቀ፣ አለቀሰ፣ እልል አለ። እኔም ሳቅኩ። ጥሩ ነው የሚያወራው፣ ከማን ወረስሽው ሲሉኝ ከእሱ ነው።

ጂቱ እህቷን ልትጠይቅ መጥታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። ሳቄ መሀል ላይ ቆመ። ጫማዬን እያየሁ ቆየሁ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ትምህርት ተዘግቷል፣ ረዳት ጠፍቷል፣ ስለዚህ ረዳት ሆንኩ! እማዬ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፣ እሷ ግን ቶሎ ብላ «አብረሽው ሁኚ» አለች። «አብረሽው» የምትለውን ጠበቅ አድርጋ።

«መቂ! መቂ! ዓለም ጤና መቂ!» ድምፄ ከወንዶቹ ይበልጣል። አንድ ሽማግሌ «ሴት ረዳት?» ሲሉኝ «አባባ፣ ሹፌሩም ወንድ ነው፣ ችለነዋል» አልኳቸው። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ዓለም ጤና ላይ አንዲት ነጋዴ የሽንኩርት ጆንያ ከእግሬ ላይ አሳረፈችው፣ እስካሁን ያመኛል። ደስ የሚል ቀን።

ጠዋት አባዬ ሲነዳ እንደ ውሃ ነው።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

በየቀኑ መቂ ላይ ምሳ እንበላለን፣ ከዚያ አባዬ «ጎማ ላስነፋ» ብሎ ይሄዳል። መኪናው እኮ እኔ ጋ ነው የቆመው። በእግሩ ሄዶ የማንን ጎማ ነው የሚያስነፋው?

ዛሬ «የት ነበርክ?» ስለው በተሳፋሪው ፊት «ዝም የማለት መብቴን እጠቀማለሁ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ቃል በቃል፣ በመጥረጊያ።

ዓለም ጤናን እንዳለፍን አንድ የአህያ ጋሪ ነበር። አላየውም። አባዬ አላየውም፣ እኔ አየሁ፣ «አባዬ!» አልኩ፣ ሴቶቹ ጮኹ፣ መኪናው ዘመመ፣ ተመለሰ። ዞሬ ሳይ ጋሪ ነጂው ልጅ ገመዱን እንደያዘ መንገድ ዳር ተቀምጧል።

አንድ ተሳፋሪ «ኸረ ቀስ በል ሹፌር!» ሲል እኔ ምን አልኩ? «አይዞዎት፣ ሹፌራችን ሽማግሌ ነው፣ መላእክት ቀድመው ያጸዱለታል» አልኩ። ሳቁ። አሳቅኋቸው። ሰው አስፋልት ላይ ሊሞት ሲል እኔ አሳቅሁላቸው።

እንዴት ያለሁ ነኝ?

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

የምጽፈው መቂ መናኸሪያ ነው፣ ሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ። ጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ጽሑፉ አያምርም።

ሞልተን ነበር። አንዲት እናት ሕፃን ይዛ ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣለች። አባዬ «ጎማ አስነፍቶ» መጣ፣ መሪው ላይ ወጣ፣ «ዝጊ» አለኝ። አልዘጋሁም። በእሱ መስኮት በኩል ዞርኩና ፊቱ ጋ ደረስኩ።

«አባዬ፣ ንፋብኝ።»

«ምን?»

«ፊቴ ላይ ንፋብኝ። እፍ በል።»

«ልጅቷ ዛሬ አብዳለች» አለ ለተሳፋሪው እየሳቀ። አልነፋም። ሲስቅ ግን ሽታው ደረሰኝ። ጤና አዳሙም አልሸፈነውም።

በሩ ጋ ተመለስኩና «ተሳፋሪዎች፣ ውረዱ። ሹፌሩ ጠጥቷል» አልኩ።

ሳቁ። መኪናው እስኪሞላ ድረስ ሳስቃቸው የቆየሁ ልጅ ነኝ፣ ለምን አይስቁ? አንዱ «ረዳቷስ ምን ጠጥታለች?» አለ። ደገምኩት። የባሰ ሳቁ። «ወላሂ ይቺ ልጅ!» አለች አንዷ ዓይኗን እየጠረገች። ሦስተኛ ጊዜ ልናገር አፌን ስከፍት ድምፅ አልወጣም፣ ለቅሶ ነው የወጣው። «አባቴ ነው» አልኩ። «አባቴ ነው፣ እውነቴን ነው፣ ውረዱ።»

ሕፃን የያዘችው ሴትዮ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥሎ እሱን አየች። ሕፃኑን አቅፋ ወረደች። ከዚያ ሌላው ተከተለ። አንድ ሰውዬ ሲወርዱ «ሼም ነው፣ ሽማግሌ ሰው» አሉ፣ ለማን እንደሆነ አላወቅኩም። ለእኔም ሊሆን ይችላል።

ባዶ መኪና ውስጥ አባዬ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ። እጄን በመስኮት አስገብቼ ቁልፉን አጥፍቼ ነቀልኩት። እጄን ሊይዘው ሞከረ፣ አየር ነው የያዘው። እዚያው እጁን ዘርግቶ ቀረ።

ለእማዬ ደወልኩ። «እማዬ፣ መቂ ነን» ብቻ አልኩ። ምን ሆናችሁ አላለችም። ማን ተጎዳ አላለችም።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አለችኝ።

«እኔ ጋ።»

ስትተነፍስ ሰማኋት። ለረጅም ጊዜ ያፈነችው ዓይነት ትንፋሽ ነው። «እንዳትሰጪው። እየመጣሁ ነው።»

ታውቅ ነበር። እሷም፣ ጋሽ ደሊልም፣ ረዳቶቹም፣ ምናልባት ሑስናም። እኔም።

አባዬ ከፊት ወርዶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ተሳፋሪ የሚቀመጥበት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ልሂድለት ወይስ ልተወው አላውቅም። የማወራው ቀልድ አጣሁ።

አሁን አንድ ሰውዬ ሻንጣ ይዘው መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ መኪና አዳማ ነው?»

«አይደለም አባባ።»

«የት ነው ታዲያ?»

«የትም አይሄድም።»